የሮኬት ንዝረት፦ ቱሉ ዲምቱ ጓሮ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለ አንድ የብየዳ ቤት ጓሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አሥር አሥራ ሁለት ሆነን እንሰበሰባለን። ግማሹ የሜካኒካል ተማሪ ነው፤ የቀረነው ፓምፕና ሞተር እየጠገንን የምንኖር ነን። የምናወራው ስለ ሮኬት ነው፤ በእጃችን የምንይዘው ግን ቱቦ፣ መዶሻና ስልክ ብቻ። በአጥሩ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ ይጠይቃል፣ አዲስ የመጣም ያንኑ ይጠይቃል። አሥር ጊዜ ከመመለስ አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል ብዬ መልሱን እዚህ አስቀምጫለሁ።

ልጄ እናንተ ጋ እየተመላለሰ ነው። የሚፈነዳ ነገር ትሠራላችሁ እንዴ?

አንሠራም እትዬ። ነዳጅ አናቃጥልም፣ ወደ ሰማይ የምንልከውም ነገር የለም። ቱቦ ሰቅለን እንመታለን፣ ሲንቀጠቀጥ እንለካለን። የብየዳ ቤቱ ባለቤት እስከ ዛሬ ያማረረን ስለ ጩኸቱ ብቻ ነው።

ሮኬት ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል? ሲኖትራክም ይንቀጠቀጣል።

ሲኖትራኩን የሚያንቀጠቅጠው መንገዱ ነው፤ ኮሮኮንቹ ሲያልቅ ይተወዋል። ሮኬትም እንዲህ ዓይነት ከውጭ የሚመጣ ንዝረት አለበት፤ ሲነሳ የገዛ ሞተሩ ጩኸት ከመሬት ተመልሶ ይመታዋል፣ ከፍ ሲል ደግሞ ነፋስ ይንጠዋል። ከባድ ነው፣ ግን ያልፋል። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጨቃጨቅበት ሮኬቱ ራሱ የሚወልደው ንዝረት ነው።

ፈሳሽ ነዳጅ የሚጠቀም ሮኬት ማለት ረጅም፣ ግድግዳው ስስ፣ ክብደቱ አብዛኛው ፈሳሽ የሆነ ዕቃ ነው። ሞተሩ ከሥር ሲገፋው በቁመቱ ትንሽ ይጨመቃል፣ መልሶ ይለጠጣል። በዚህ ጊዜ ታንኩ ሥር ያለው ፈሳሽ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ያ ለውጥ በቱቦው ወርዶ ፓምፑ ጋ ይደርሳል። ፓምፑም ወደ ሞተሩ የሚልከውን አንዴ ያበዛል፣ አንዴ ያሳንሳል። የሞተሩ ገፊ ኃይል ተከትሎ ይዋዥቃል፤ የተዋዠቀው ኃይል ደግሞ ሮኬቱን እንደገና ይጨምቀዋል። ዙሩ ተዘጋ ማለት ነው። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ጥቂት እየበለጠ ከሄደ ንዝረቱ በሰከንዶች ውስጥ ያብጣል።

እኔን የሚገርመኝ፣ አካሉን ለብቻው ብትመረምሩት ደህና ነው። ፓምፑም ደህና ነው፣ ሞተሩም ደህና ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ሦስቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ነው፤ ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ይገባል።

ይህ ሮኬቱ ራሱ የሚወልደው ንዝረት ለምን «ፖጎ» ይባላል?

ፖጎ ልጆች እግራቸውን አሳርፈው የሚዘሉበት ባለ ስፕሪንግ ዘንግ ነው። ሮኬቱም በቁመቱ እንደዚያ ስለሚዘል ስሙ ተለጠፈበት። የፊደላት ምህጻረ ቃል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም።

ሲነሳ ደህና ሆኖ መሃል ላይ የሚጀምረው ለምንድነው?

ክራር የሚቃኝ ሰው ይሄ ይገባዋል። ሁለት ክሮች ድምፃቸው ሲገጥም አንዱን ስትመቱት ሌላው ሳይነካ ያስተጋባል፤ ካልገጠመ ዝም ይላል። ሮኬት ላይ አንዱ ክር አካሉ ነው፣ ሌላው ቱቦ ውስጥ ያለው ፈሳሽ። የአካሉ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ፣ የሚወሰነው በግትርነቱና በክብደቱ ነው፤ ክብደት ሲቀንስ ድግግሞሹ ከፍ ይላል። ሰው ወደ ጨረቃ የወሰደው የአሜሪካኖቹ ሮኬት ሳተርን 5፣ የመጀመሪያ ደረጃው (ከሥር ያለው፣ ቀድሞ የሚነደው ክፍል) በሰከንድ 13 ቶን ገደማ ያቃጥል ስለነበር ክሩ በየሰከንዱ ይከረራል እንበል። የአካሉ ድግግሞሽ እየወጣ ሄዶ ከቱቦው ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ፖጎ ይነሳል፤ አልፎት ሲሄድ ይረግባል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ግማሽ ደቂቃ መንቀጥቀጥ ሰውን ምን ያደርገዋል?

ቻይናዊው ያንግ ሊዌይ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2003 በሎንግ ማርች 2ኤፍ ሲወጣ፣ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሮኬቱ በሰከንድ 8 ጊዜ ያህል መንቀጥቀጥ ጀመረ። 26 ሰከንድ ቆየ። በኋላ ሲናገር የምሞት መስሎኝ ነበር ብሏል። የሆድ ዕቃችን ከዚህ ብዙም በማይርቅ ድግግሞሽ ነው የሚወዛወዘው፤ ለዚህ ነው ወንበር ላይ ታስሮ እንኳ ሰውነት የሚናጠው። ቻይናውያኑ ጉዳዩን አጥንተው ከዚያ በኋላ በነበሩት በረራዎች አስተካክለውታል።

አሜሪካኖቹ ታይታን 2 የተባለውን ሚሳይል ለሰው ማመላለሻ ሲመርጡ የገጠማቸውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1962 በመጀመሪያ በረራው በሰከንድ ከ10 እስከ 13 ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ ጫፉ ላይ ንዝረቱ 2.5 ጂ ደረሰ። አንድ ጂ የራሳችሁ ክብደት ነው፤ እንግዲህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ አሥር ጊዜ የክብደታችሁን ሁለት እጥፍ ተኩል ወደ ላይና ወደ ታች ተመቱ ማለት ነው። ለጠፈርተኛ የተፈቀደው 0.25 ጂ ነበር።

ታዲያ እንዴት ተገላገሉት?

ቤታችሁ ፕሬዠር ታንክ የተገጠመለት የውሃ ፓምፕ ካለ መፍትሔውን በየቀኑ ታዩታላችሁ። ታንኩ ውስጥ ጎማ አለ፤ በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ውሃ። ፓምፑ ሲነሳ አየሩ ይታመቃል፣ ሲቆም ይለቀቃል፣ ቱቦው አይደነግጥም። ሮኬት ላይም ፓምፑ አፍ አጠገብ ትንሽ የጋዝ ኪስ ይደረጋል፤ አኪዩሙሌተር ይሉታል። ጋዙ ለስላሳ ስፕሪንግ ስለሆነ የቱቦውን ድግግሞሽ ወደ ታች ያወርደዋል፤ አካሉ እየከረረ ሲወጣ የሚገጥመው ክር ያጣል። አካሉን በብረት ማጠንከርም ይቻል ነበር፤ ግን ሮኬት ላይ የተጨመረ ኪሎ ሁሉ ከጭነቱ ይቀነሳል።

ሲነገር እንዲህ ቀላል ነው። ታይታን 2 ላይ ግን መጀመሪያ የኦክሲዳይዘሩን (ነዳጁን የሚያነደውን ፈሳሽ) መስመር ብቻ አስተካክለው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1962 አበረሩት። ንዝረቱ ወደ 5 ጂ ወጣ፣ ሞተሮቹም ያለጊዜያቸው ጠፉ። መድኃኒቱ አባሰው! ሁለት መስመር አለ፤ አንዱን አለስልሰው ሌላውን ረስተውት ነበር። በነዳጁም መስመር ላይ አኪዩሙሌተር ተጨምሮ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1963 ሲበር ወደ 0.11 ጂ ወረደ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1965 ጀሚናይ 5 የተባለው መንኮራኩር በዚሁ ሮኬት ሁለት ሰዎች ይዞ ሲነሳ፣ ኪሱ ውስጥ ጋዙ በትክክል ስላልተሞላ ንዝረቱ እንደገና እስከ 0.38 ጂ ወጥቷል። የቤት ፕሬዠር ታንክ አየሩ ሲያመልጥ ፓምፑ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ የሚያስቸግራችሁ ከዚህ ጋር ዘመድ ነው። እኔ የምጠራው ለሱ ነው፤ ሰው ፓምፑ ተበላሸ ይለኛል፣ እኔ በብስክሌት መንፊያ አየር ሞልቼ እመለሳለሁ።

ሳተርን 5 ላይ የተሠራው ደግሞ የባለሙያ ብልጠት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1968 አፖሎ 6 የተባለው የሙከራ በረራ በ5 ሄርዝ ገደማ (በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል) ከተናጠ በኋላ አዲስ ዕቃ ከመግጠም ይልቅ፣ በፈሳሽ ኦክስጅኑ ቱቦ ላይ ቀድሞ የነበረ የቫልቭ ክፍተት ውስጥ ሂሊየም ሞሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አፖሎ 8 ሰዎች ይዞ ወደ ጨረቃ ሄደ።

መቶ ሜትር የሚረዝም ነገር እንዴት ይፈተናል?

መርሁ ከኛ ጓሮ አይለይም፦ በታወቀ ኃይል ምታው፣ በየቦታው አክስሌሮሜትር (የፍጥንጥነት መለኪያ) ለጥፈህ መልሱን አዳምጥ፣ የት ድግግሞሽ ላይ እንደሚጮህና ሲጮህ ምን ቅርፅ እንደሚይዝ መዝግብ። ለትንሽ ዕቃ መዶሻ ይበቃል፤ መዶሻው ራሱ የመታበትን ኃይል የሚለካ ይሆናል። ለትልቅ ዕቃ ሼከር ይገጠማል፤ ድግግሞሹን ቀስ እያለ እየቀያየረ የሚያርገፈግፍ ማሽን ነው።

ሳተርን 5ን አላባማ ውስጥ ሃንትስቪል ላይ ለዚሁ በተሠራ ማማ ውስጥ ሙሉውን አቁመው እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 አርገፈገፉት። ታንኮቹን በነዳጅ ፈንታ በውሃ እየሞሉ፣ መጠኑን ደግሞ እየቀያየሩ ነበር፤ የተነሳበት ሰዓት፣ መሃሉና መጨረሻው የየራሳቸው ድግግሞሽ አላቸውና። አስቸጋሪው ከሥሩ ያለው መደገፊያ ነው። ሮኬት ሲበር የሚይዘው ነገር የለም፤ መሬት ላይ ግን የሆነ ነገር ላይ መቆም አለበት፣ ያ ነገር ደግሞ በልኬቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በዘይት ላይ የሚንሳፈፉ መደገፊያዎች ሠሩለት።

እናንተ ጓሮ ውስጥ የምትመቱት ምኑን ነው? ቤቴ ልሞክረው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ከቱቦው ዋጋ በቀር ወጪ የለውም። ባለ 1 ኢንች ጋልቫናይዝድ ቱቦ፣ ከሱቅ እንደሚወጣው 6 ሜትሩን ሳትቆርጡ ያዙ። የኛው የውጭ ስፋቱ 33.7 ሚሊ ሜትር፣ ግድግዳው 3.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ 14 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ከየጫፉ 1 ሜትር ከ34 ላይ ምልክት አድርጉ። ቱቦው ሲታጠፍ እነዚህ ሁለት ነጥቦች አይንቀሳቀሱም፤ እዚያ ላይ ካሰራችሁት ገመዱ ንዝረቱን አይነካውም።

የመጀመሪያው ቀን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለስላሳ ይሁን ብዬ በካላማዳሪ ጫፍና ጫፉን አሰርኩ፣ ከላይ ወደ ታች መታሁ። ካላማዳሪው የራሱን ውዝዋዜ ጨምሮብን ቱቦውን ከጎማው መለየት አቃተን። ደንቡ መስቀያው ከምትለኩት ድግግሞሽ በአሥር እጥፍ ያነሰ ይሁን ይላል። መላ ያገኘችው አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፦ በ2 ሜትር ገመድ እንስቀለውና ወደ ጎን እንምታው አለች። በ2 ሜትር ገመድ የተንጠለጠለ ነገር በ0.35 ሄርዝ ነው የሚወዛወዘው፤ ቱቦው በስሌት 5.4 ሄርዝ። አሥራ አምስት እጥፍ ይራራቃሉ፤ ደንቡ ከበቂ በላይ ተሟላ። እኔ በካላማዳሪ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ።

ስልካችሁን ፍጥንጥነት የሚመዘግብ መተግበሪያ ከፍታችሁ ቱቦው መሃል ላይ እሰሩት። ጫፉ ላይ አትሰሩት፤ ንዝረቱ እዚያ ትልቅ ስለሆነ ያጓጓል፣ ነገር ግን 200 ግራም የሚሆን ስልክ ጫፍ ላይ ድግግሞሹን በ3 በመቶ ገደማ ያወርደዋል፣ መሃል ላይ በ1 በመቶ ብቻ። መለኪያው የሚለካውን እንደሚለውጥ ተማሪ በመጽሐፍ አንብቦ ይረሳዋል፤ በገዛ ስልኩ ካየው አይረሳውም።

ከዚያ ሁለቱን አፍ ከድናችሁ ውሃ ሙሉት። ስሌቱ ከ5.4 ወደ 4.9 ይወርዳል (ክዳኖቹም ክብደት ስላላቸው የምታገኙት ከዚህ ትንሽ ያነሰ ነው)። ታንኩ ሲሞላና ሲጎድል የሚሆነውን በእጃችሁ ዳሰሳችሁት ማለት ነው። ቱቦውን ለሁለት ብትቆርጡት ደግሞ ድግግሞሹ አራት እጥፍ፣ ወደ 22 ሄርዝ ይዘላል፤ የቱቦን ዋጋ ስለምናውቅ ይህን በወረቀት ብቻ ነው የሠራነው። የኛ ቱቦ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ፖጎ ግን በቁመት ነው፤ ሳተርን 5 በ5 ሄርዝ ገደማ መናጡና ቱቧችን እዚያው አካባቢ መሆኑ አጋጣሚ ነው። ቢሆንም 5 ሄርዝ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚቆጠር ያህል ዝግ ያለ መሆኑን ያሳያል።

ኮምፒውተር እያለ መምታቱ ለምን አስፈለገ?

ኮምፒውተሩ የነገሩትን ነው የሚያውቀው። የአካሉን ሞዴል በፋይናይት ኤለመንት (ዕቃውን በጥቃቅን ቁራጭ ከፋፍሎ በሚያሰላ ዘዴ) መሥራት ዛሬ ለጎበዝ ተማሪ አያቅተውም፤ ብረቱ የታወቀ፣ ክብደቱ የታወቀ ነው። ብሎንና ብየዳ ያሉበት መገጣጠሚያ ላይ ግን ግትርነቱን በግምት ትሰጡታላችሁ፣ ንዝረቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረግብ ደግሞ ከሥዕል አይወጣም። ስለዚህ ይመታል፣ ከሞዴሉ ጋር ይነጻጸራል፣ ሞዴሉ ይስተካከላል።

ከሁሉ የሚከብደው ፓምፑ አፍ ላይ ያለው አረፋ ነው። ፓምፕ ሲስብ መግቢያው ላይ ግፊቱ ይወርዳል፤ በጣም ከወረደ ፈሳሹ ያለ እሳት ይፈላና አረፋ ይሠራል። ካቪቴሽን የምንለው ነው። ይሄን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ 101። ስለዚህ ከጉድጓድ የሚስብ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከ7.7 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን 10.3 ይደርሳል። የፓምፑ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ የገዛ ሰው ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ሰምቶ ይደውልልኛል። ጠጠር የለም፤ አረፋው ሲፈርስ ነው።

ሮኬት ላይ እነዚያ ጥቃቅን አረፋዎች በቱቦው ውስጥ ስፕሪንግ ይሆናሉ፤ የቱቦውን ድግግሞሽ በዋናነት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ብዛታቸውን ከስሌት ብቻ አምኖ መውሰድ አይቻልም፣ ፓምፑን አስነስቶ መለካት ግድ ነው። ከዚያ አካሉ፣ ቱቦው፣ ፓምፑና ሞተሩ በአንድ ሞዴል ይያያዙና ለእያንዳንዱ የበረራ ሰከንድ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ ምልክቱ ዙሩን ሲጨርስ ከጀመረበት ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ማነሱ ብቻ አይበቃም፤ ናሳ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው የንድፍ መመሪያ የ6 ዴሲቤል፣ ማለትም የሁለት እጥፍ መጠባበቂያ ይጠይቃል።

በፈተና ያለፈ ነገር በረራ ላይ ለምን ይሰበራል?

የምወደው ጥያቄ ነው። አፖሎ 6 ላይ ከፖጎው በተጨማሪ በላይኞቹ ደረጃዎች ሞተሮች ችግር ገጥሟቸው ነበር። ወደ ማቀጣጠያው ነዳጅ የምትወስድ ቀጭን ቱቦ ላይ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ክፍል ተሰብሮ ተገኘ። መሬት ላይ ስትፈተን አንድም ጊዜ አልተሰበረችም። ውስጧ የሚያልፈው ፈሳሽ ሃይድሮጅን ነው፤ ቅዝቃዜው በዙሪያዋ ያለውን አየር ራሱን ፈሳሽ ያደርገዋል፣ ያ ፈሳሽ አየር ደግሞ እጥፋቶቹ ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን ያረግብላት ነበር። ጠፈር ላይ አየር የለም፤ የሚያረግብላት ጠፋ፣ ተርገፍግፋ ተቆረጠች። አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ሲፈትኗት እዚያም ተሰበረች። የተጣጠፈውን ክፍል አውጥተው እጥፋት በሌለው ጎበጥ ያለ ቱቦ ተኩት።

ፈታኙ ሰነፍ አልነበረም። ፈተናው የተመለከተው መሬት ላይ ያለችውን ቱቦ ነው፣ የበረረችው ደግሞ ሌላ ሁኔታ ውስጥ ነች። የሶቪየቶቹ ኤን1 ሮኬት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ 30 ሞተር ያለውን የመጀመሪያ ደረጃ አንድ ላይ መሬት ላይ አስረው ሳያስነሱት አበረሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 አራቱም በረራዎች ከሸፉ። እኔ ገንዘብ ቢኖረኝና አንዱን ምረጥ ብባል፣ የሚዋሽ ፈተና ከምንም ፈተና ይሻለኛል። ቢያንስ የት እንደዋሸ መፈለግ ይቻላል።

አፖሎ 13ን ያበላሸው ፖጎ ነው?

አይደለም፤ ያ የኦክስጅን ታንክ ፍንዳታ ነው፣ ከሁለት ቀን በኋላ። ግን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1970 ሲነሳ፣ የሁለተኛው ደረጃ መካከለኛ ሞተር በ16 ሄርዝ ተንጦ ሞተሩ የተሰቀለበት ቦታ ላይ 34 ጂ ደርሷል። ሞተሩ ከጊዜው 2 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ቀድሞ በራሱ ጠፋ፣ የቀሩት አራቱ ረዘም ላለ ጊዜ ነድደው አካካሱት። ባይጠፋ ኖሮ የታንኩ ፍንዳታ ወሬ እንኳ ላይኖር ይችል ነበር።

ነዳጁ ታንክ ውስጥ ሲንቦጫረቅስ?

ሌላ ነገር ነው። የውሃ ቦቴ ፍሬን ሲይዝ ውሃው ወደፊት ይሄድና መልሶ ይገፋዋል፤ ለዚህ ነው ቦቴ ውስጥ መከለያ ብረቶች የሚበየዱት። ሮኬት ላይም መከለያ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ፋልከን 1 በሁለተኛ በረራው ምህዋር ሳይገባ የቀረው በሁለተኛው ደረጃ ታንክ ውስጥ ፈሳሹ ተንቦጫርቆ ነው። ቦቴ የሚበይድ ሰው ቢጠየቅ ይነግራቸው ነበር እያልን እንቀልዳለን።

ለእኛ አገር ምን ይጠቅማል? ሮኬት የለን።

ሳተላይት ግን ልከናል። የመጀመሪያዋ፣ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ከቻይና በሎንግ ማርች 4ቢ ወጣች፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ ነው። ያ ሮኬት የሚያቃጥለው ከታይታን 2 ጋር የአንድ ቤተሰብ ፈሳሽ ነው። ሳተላይት ደግሞ በማንም ሮኬት ይውጣ፣ ከመጫኑ በፊት ሼከር ላይ ተርገፍግፎ ማለፍ አለበት፤ ያን የሚሠራና ውጤቱን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ሰማዩን ተዉት ካላችሁም፣ አቃቂና ቃሊቲ ፋብሪካዎች ውስጥ በንዝረት የሚያልቁ ፓምፖች፣ ማራገቢያዎችና ወፍጮዎች ሞልተዋል። ስሌቱ ያው ነው፣ መዶሻውም ያው።

መምጣት እፈልጋለሁ። ምን ይዤ ልምጣ?

ምዝገባም ክፍያም የለም። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነን፤ ክረምት ላይ ጓሮው ጭቃ ስለሚሆን አንሰበሰብም። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ። ረጅም ገመድ ያለው ካለ ይዞ ይምጣ፣ የኛው እየተበላ ነው።